በአንድ ጓዳ፣ ሰባት ማሰሮ

የባሌ ታላቅ ወንድም ግቢያችንን በገመድ ሲለካ ያየሁት በባሌ ተዝካር ማግስት ነው። የዳሱ እንጨት ገና አልተነቀለም ነበር፤ እኔ ከጎረቤት የተዋስኋቸውን ገንቦዎች አጥባለሁ። ቀና ስል ገመዱን ከጌሾው ግንድ ላይ አስሮ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ እስከ አጥሩ በር ድረስ ዘረጋው። በሩ ጋ ሲደርስ ቋጠሮ ቋጠረበት።

«አያ፣ ምን እየለኩ ነው?» አልሁ።

«ገመዱን» አለኝ፤ ሳቀም። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «እንግዲህ አንቺም አገርሽ ቢቸና ነው፤ ዘመዶችሽ አሉ። ወንድሜ በአባታችን ቦታ ላይ ቤት ሠራ እንጂ ቦታውን አልገዛም። ልጆቹ ደግሞ የእኛ አጥንት ናቸው፣ ከእኔ ጋር ገጠር ይገባሉ። ሴቶቹም ቢሆኑ ደርሰዋል።»

ትልቋ ልጄ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ተከታይዋ ዘጠኝ፤ ወንዱ ገና ስድስት። «ደርሰዋል» ያለው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። ውኃው ከእጄ ላይ እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ። ባሌ ሲሞት አልቅሻለሁ፤ ፍርሃት የሚባለውን ግን ያወቅሁት ያን ዕለት ጧት ነው። ሰውየውን ፊት ለፊት አንቱ ማለቴን አልተውሁም። በልቤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ሆነ።

ነገሩ ለሽማግሌ ተነገረ። የሞጣ ሽማግሎች ሦስት ቀን ተቀምጠው፣ ቤቱ የባልና የሚስት ላብ ነው፣ ቦታው ግን የአባት ነው አሉ። ስለዚህ የወንድሞቹን ድርሻ ሰማንያ ብር ከሰጠች ቦታውም የእሷ፣ ልጆቹም በቤታቸው ከእናታቸው ጋር ይደጉ፤ ለሚመጣው መስቀል ካልሰጠች ለቃ ትሂድ፣ ልጆቹንም አጎታቸው ይውሰድ። ፍርዱ ክፉ አልነበረም። ሰማንያ ብር ግን በዚያ ዘመን የደህና በሬ ዋጋ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለኝ እንዝርት ነው።

ከቤቴ ሁለት አጥር አልፎ፣ ጨርቅና ጥጥ የሚነግዱ የሙስሊም ቤተሰብ ነበሩ፤ ሞጣ ላይ አያት ቅድመ አያታቸው የኖሩ። የቤቱን እመቤት ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ከእኔ አሥር ዓመት ቢበልጡ ነው፤ ግን ሲናገሩ የሚቀድማቸው አልነበረም። የሽማግሎቹ ፍርድ በተሰማ በሳምንቱ በደጄ ሲያልፉ፣ «አንቺ የቢቸናዋ፣ የገበያ ማግስት ወደ ቤቴ ነይ። ማሰሮ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ማሰሮ ይዤ ሄድሁ። ሌሎች አምስት ሴቶችም ማሰሮ ይዘው መጥተው ነበር፤ ከእትዬ ጋር ሰባት ሆንን። እቁብ መስሎኝ ነበር። እቁብ አይደለም። በእቁብ የሁሉም ገንዘብ ባንዲት እጅ ገብቶ በተራ ይወጣል፤ እዚህ ግን የእያንዳንዷ ለራሷ ነው። የማሰሮው አፍ በጭቃ ይደፈንና ከጎኑ ሳንቲም የምታሾልክ ቀዳዳ ይተውለታል። ማሰሮዎቹ የሚቀመጡት በእትዬ ጓዳ ጎን ለጎን ነው፤ ቤት ከሆነ እጅ ያመልጣላ። በየሳምንቱ የገበያ ማግስት ሁላችን እንመጣለን። የምታስገባ ስንት እንዳስገባች ጮክ ብላ ትናገራለች። ያጣችም መቅረት የላትም፤ መጥታ «የዛሬው ባዶ» ብላ ትቀመጣለች። ማሰሮው የሚሰበረው በደመራ ዕለት ነው።

«ለምን በመስቀል ሆነ?» ብዬ ብጠይቅ እትዬ ሳቁ። «እናንተ ትበዛላችሁ። ለእኔ እንደሁ ብር ያገኘሁ ቀን ሁሉ ዒድ ነው።»

የመጀመሪያው ቀን ግን ሌላም ሥርዓት ነበረው። ለምን እንደምታጠራቅሚና ስንት እንደሆነ፣ በስድስቱ ፊት ትናገሪያለሽ። ጎረቤታችን እማሆይ፣ ቆብ የደፉ አሮጊት ናቸው፣ ቀድመው ጀመሩ።

«ለተዝካሬ ነው። ከሞትሁ በኋላ የሚደግስልኝ ዘመድ የለኝም፤ ራሴ ልሰናዳ። ሠላሳ ብር። እስኪሞላ መልአከ ሞት ደጅ ይጥና።»

ቀጥላ ከገበያው ሥር ጠላ የምትሸጠው ተናገረች። ድምፀ ጎርናና፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት። «ለቆርቆሮ። ሣር ቤቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ጠላዬ ላይ እያፈሰሰ፣ ጠጪው ሁሉ ውኃ የቀላቀልሁ ይመስለዋል።»

«አልቀላቀልሽም?» አሏት እማሆይ።

«እማሆይ፣ ቆቡን አውልቀው ቢመጡ መልስ ነበረኝ!»

ሳቁ ሳይበርድ ተራው ለእኔ ደረሰ። ስድስቱም አዩኝ። እኔም፣ «ለበግ መግዣ፣ ሃያ ብር» አልሁ።

ዋሸሁ። ሰማንያ ብዬ፣ ለቤቴ ብዬ፣ ለልጆቼ ብዬ መናገር ሲገባኝ ዋሸሁ። የሽማግሎቹን ፍርድ ያልሰማ ሞጣ ላይ ባይኖርም፣ ገንዘቡን ከፍዬ ለመቅረት ማሰቤን ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ወደ ቢቸና የምመለስ መስሎታል። ከተናገርሁ ወሬው ለባሌ ወንድም ይደርሳል፣ እሱም መላ ያበጅብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም እኛ አገር፣ ትልቅ ነገር በአፍ ሲወጣ የሰው ዓይን ያገኘዋል እንላለን። እትዬ አዩኝና፣ «ሃያ። ለበግ። ይሁን» አሉ።

ስለ እነዚያ ሴቶች ብዙ ማለት እችላለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደ እነሱ ያለ አላየሁም። ጠላ ሻጯ ከመጀመሪያው አንኮላ የተገኘችውን ስሙኒ በመቀነቷ ጫፍ ሳትቋጥር ሁለተኛውን አትቀዳም ነበር። «የመጀመሪያዋ የቆርቆሮዬ ናት፤ የቀረው የልጆቼ ሆድ» ትላለች። እማሆይ ዓይናቸው ደክሟል፤ ክሩን የሚያዩት በጣታቸው ነው። ውዳሴ ማርያም በቃላቸው እየደገሙ የሚፈትሉት ድር ግን ከእኛ ከወጣቶቹ ይቀጥናል። እትዬ ደግሞ ባላቸው ባለ ሱቅ ሆኖ ሳለ ማሰሯቸው ውስጥ የሱቁ ገንዘብ አንድም ቀን አልገባም። ዶሮ አርብተው እንቁላል ይሸጣሉ፤ ከዚያ ነው። «የባሌ ገንዘብ የባሌ ነው፤ ወላሂ፣ ሽልንግ ብወስድለት አይቆጣኝም። ማሰሮው ግን ያውቃል» ይሉ ነበር።

አንድ ሳምንት ጠላ ሻጯ ልጇ ታሞባት ባዶ እጇን መጣች። ቆማ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ «የዛሬው ባዶ» አለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ እኔ ብሆን የምሞት መስሎኝ። ግን ማንም «አይዞሽ» እንኳ አላላትም። እትዬ ለሁላችን ቆሎ ሲያዞሩ ከእሷ ጀመሩ፤ በቃ። ሴትን ሳያዋርዱ ማገዝ እንዲህ መሆኑን የተማርሁት ያን ዕለት ነው።

አሁን ደግሞ ውሸቴ ምን እንዳመጣብኝ ልናገር። ለእትዬ ባል ሱቅ ከበረሃ ጥጥ ይመጣል። ያን ጥጥ ለሴቶች አስፈትለው፣ ፈትሉን ለሸማኔ ይሸጣሉ፤ ለፈታይዋ የእጇን ይከፍላሉ። ጥጡን የሚያድሉ እትዬ ናቸው፤ አድልዎ የሌለበት አንድ ደንብ ነበራቸው፤ «ወደ ኋላ የቀረች ትቅደም።» ከሐሳቧ የራቀችው ብዙ ጥጥ ታገኛለች፤ የደረሰችው ለሌሎቹ ትለቃለች።

እኔ ፈትዬ፣ በርበሬ ደልዤ፣ የባሌን ኮርቻ ሸጬ፣ በጥር መጨረሻ ሃያ ሁለት ብር አስገባሁ። ሃያውን ባለፍሁ ዕለት ስድስቱ ሴቶች እልል አሉልኝ። እማሆይ ተነሥተው አገላብጠው ሳሙኝ። በሕይወቴ እንደዚያ እልልታ የከበደኝ የለም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጥጥ ቀረብኝ። በየካቲት ባዶ፣ በመጋቢት ባዶ። የእኔን ድርሻ ጠላ ሻጯና እማሆይ ተካፈሉት። ምን ብዬ ልከራከር? በጌ ሞልታለች።

ከገበያ በውድ ጥጥ እየገዛሁ ስፈትል፣ ትርፉ ከእንዝርቱ ጫፍ አያልፍም። ሐምሌ ሲገባ አርባ አንድ ብር ነበረኝ። ጠላ ሻጯ እየሳቀች፣ «ሴትዮ፣ በግ ነው ወይስ የበግ በረት የምትገዢው?» ትለኝ ጀመር። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ አባርቶ ሳለ፣ የባሌ ወንድም አንድ ወጣት አስከትሎ መጣ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ከረባት አስሯል፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነክቶታል። ሰላምታ ሰጠኝና ጣሪያውን፣ ግድግዳውን አየ። «እሜቴ፣ ወጥ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለኝ በትሕትና።

«ምን ሊያደርግልህ ወንድሜ?»

«ከመስቀል በኋላ የምከራየው እኔ ነኝ። አልነገሩዎትም እንዴ?»

ትልቋ ልጄ ደብተሯን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አስተማሪዋ ኖሯል፤ ብድግ ብላ ቆመች። እሱ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የባሌን ወንድም አየ። ፊቱ ቀላ። «ሰው የሚፈናቀልበት ቤት መሆኑን አልነገሩኝም» ብሎ ወጣ። የባሌ ወንድም ግን አልደነገጠም። «እሱ ባይሆን ሌላ ይመጣል። መስቀል ሁለት ወር ቀረው» አለኝ፤ ያለቁጣ፣ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ።

ከወጣ በኋላ ልጄ፣ «እማዬ፣ እኛ የት ልንሄድ ነው?» አለችኝ። እንዝርቴን አነሣሁ።

በማግስቱ የማሰሮው ቀን ነበር። ሁለት ብር አስገብቼ፣ ስንት መሆኑን ተናግሬ፣ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍሁት። በጉ ውሸት መሆኑን፣ ሰማንያውን፣ ልጆቼን፣ አስተማሪውን። 

መጀመሪያ የተናገረችው ጠላ ሻጯ ናት፤ ተቆጥታ ነበር።

«ከየካቲት ጀምሮ ያንቺን ጥጥ ስፈትል የከረምሁ እኔ ነኝ! የልጆችሽን ቤት በቆርቆሮ ለወጥሁት በይኛ! ምነው ታዲያ? እኛን ወሬኛ አድርገሽ? ከአንቺ ሰምቼ ለዚያ ሰውዬ የማቀብል ነኝ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ፍርሃትሽን ለእኛ አታካፍዪንም ነበር?»

እማሆይ በዘንጋቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «ተያት። እኔም በዚች ዕድሜዬ ተዝካሬን የምደግሰው ለጽድቅ ነው እላለሁ እንጂ፣ ሰው እንዳይረሳኝ ፈርቼ መሆኑን የነገርኋችሁ አለ? ስንት ጎደላት፣ እሱን ንገሩኝ።»

«ሠላሳ ሰባት» አሉ እትዬ። ሳይቆጥሩ ያውቃሉ። የሁላችንም በልባቸው ነው።

ጠላ ሻጯ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። እትዬ እጇን ያዟት። «አይሆንም። የአንዷ ገንዘብ በሌላዋ ማሰሮ አይገባም። ዛሬ ለእሷ ብናፈርስ፣ ለከርሞ ማሰሮ የለንም። ደግሞም ሰውየው ነገ 'ቤቱን ሞጣ ገዛላት' ይበል?»

«ታዲያ ዝም ብለን እንያት?»

«ወንዶቹ አሁን የት ናቸው?» አሉ እትዬ።

«አረም ላይ።»

«እንዴት ነው የሚያርሙት?»

«በወንፈል።»

«በቃ። እጅ ገንዘብ አይደለም። የእኛ እርሻ ይኸው ነው» ብለው በጥግ የቆመውን የጥጥ ከረጢት አመለከቱ። ዛሬ እኔ ላንቺ፣ ነገ አንቺ ለእኔ፤ ወንፈል ለማረሻና ለማጭድ እንጂ ለእንዝርት ሲሆን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ጥጡን፣ ፈትሉን ራሴ ሸጬ ልከፍል፣ ከሱቁ በዱቤ ወሰድሁ፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ስድስቱም እንዝርታቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ዝናቡ ደጁን ሲደበድብ፣ እኛ በበሩ ብርሃን ተኮልኩለን እንፈትላለን። ልጆቼ ፍሬውን ከጥጡ ይለቅማሉ፤ አንዷ ትነድፋለች፣ ሌሎቻችን እናከርራለን። የፍልሰታ ጾም ሲገባ የማቀርበው አጥቼ ንፍሮ ቀቀልሁ። ለእትዬ ምን ልስጥ ብዬ ስጨነቅ፣ ከሳህኑ ዘግነው፣ «ንፍሮ ሃይማኖት የለውም፤ አምጪው» አሉኝ። እማሆይ ሲጾሙ እስከ ማታ ስለማይቀምሱ፣ የእሳቸውን ድርሻ ጠላ ሻጯ «ለነፍስዎ ነው» እያለች ትበላላቸው ነበር። ያ ቤት ባሌ ከሞተ ወዲህ ሳቅ የሰማው በዚያ ክረምት ነው። ወንፈሉን በኋላ አንድ በአንድ መለስሁ፤ እስከ ጥር ፈጀብኝ። እማሆይ ዘንድ ሁለት ቀን ጨምሬ ሄድሁ፣ አላወቁም።

በነሐሴ መጨረሻ ልቃቂቱ አንድ ስልቻ ሞላ። የሞጣ ሸማኔዎች ግን ለመስከረም የሚሠሩትን ድር ቀድመው ገዝተዋል፤ የሚሰጡኝ ዋጋ ወረደ። ቢቸና ላይ የመንግሥት ሠራተኞች ሚስቶች ለበዓሉ ቀሚስ ያሠራሉ፣ ፈትል ተወዷል የሚል ወሬ መጣ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ስለቆመ፣ ልጆቼን ለእማሆይ ሰጥቼ ከእትዬ ባል አህዮች ጋር በእግሬ ወጣሁ። ደብረ ወርቅ አድረን፣ ወንዙ እስኪጎድል አንድ ቀን ጠብቀን፣ ቢቸና ደረስሁ።

ያረፍሁት ወንድሜ ቤት ነው። የተወለድሁበት ግቢ ነው፤ አጥንቴ ሳይቀር ያውቀዋል። ወንድሜ እግሬን አይቶ አዘነ። «እህቴ፣ ምን አስጨነቀሽ? ነይና እዚሁ ኑሪ። ልጆቹ እንደሆን የአባታቸው ወገን ናቸው፤ ሲያድጉ ይፈልጉሻል» አለኝ። በፍቅር ነው ያለው። ደክሞኝም ነበር፤ አንድ አፍታ ልቤ ዘንበል እንዳለ አልደብቅም። ግን ስድስት ሴቶች ያከረሩት ክር በስልቻ አለ፤ እሱን ይዤ እንዴት እዚያ እቀራለሁ? በማግስቱ ሸማኔዎቹ ሠፈር ገብቼ፣ ዋጋ ሳልጥል፣ እስከ መጨረሻዋ ልቃቂት ሸጥሁ። አንዱ ሸማኔ ክሩን በጣቱ ዳብሶ፣ «ይህን ያከረረች እጇ ይባረክ» አለ። የእማሆይ ነበር።

በደመራ ዕለት ጧት ሰባታችን በእትዬ ደጃፍ ማሰሮዎቻችንን ሰበርን። ጠላ ሻጯ ለቆርቆሮው ስድስት ብር ጎደላት፤ «የቀረችዋን ቀዳዳ በጨርቅ እደፍናለሁ» አለች። የእማሆይ ሞልቶ ተርፏል፤ «እንግዲህ የቀረው መሞት ነው፣ እሱ ደግሞ ለከርሞ» አሉ። የእኔ፣ ከጥጡ ዕዳ የተረፈው የቢቸና ገንዘብ ገብቶበት፣ ሰማንያ አራት ሆነ። እትዬ ሁለት ጊዜ ቆጠሩልኝ፤ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሰማንያውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠሩት። «ብቻሽን ሂጂ። ያንቺ ነው፣ አንቺ ስጪ።»

ሽማግሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ነበር። የባሌ ወንድም ቋጠሮውን ሲፈታ ሳንቲሙ ተንሸራተተበት። «ሽልንግና ስሙኒ ነው እንዴ ሁሉም? ቁና ይዤ መምጣት ነበረብኝ» አለ። ቆጠረው። እንደገና ቆጠረው። እንደሚክድ ፈራሁ። እሱ ግን ሽማግሎቹን ቀና ብሎ አይቶ፣ «ሞልቷል። ይገባታል» አለ። ይህን ማለቱን አልነሣውም።

ወረቀቱ ተጻፈ፤ ሽማግሎቹም ፈረሙበት። እኔ ፊደል ቆጥሬ ንባብ ሳልጨርስ ነው የዳሩኝ፤ ቢሆንም የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ቦታውና ቤቱ የእኔና የልጆቼ መሆኑን እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ማንም አላቻኮለኝም።

ቤት ስገባ ሦስቱም ለደመራው ለብሰው፣ ሳይወጡ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ትልቋ ብድግ ብላ ፊቴን አየች። እኔም ነገር አላረዘምሁም። «ተርፈናል» አልኋቸው። «ቤቱ የእኛ ነው። ማንም አይወስዳችሁም፤ የትም አንሄድም።»